የጥሪ ምልክቴን ልቀይር ብዬ ግራ ገባኝ፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ በአማተር ሬዲዮ የቆያችሁ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ሜሪላንድ ሳለሁ የቴክኒሽያን (የመጀመሪያ ደረጃ ፈቃድ) ፈተና አልፌ የተሰጠኝ የጥሪ ምልክት፣ ማለትም በሬዲዮ ራሴን የምገልጽበት መለያ፣ በኬ ይጀምራል፣ ቁጥሩ 3 ነው፣ መጨረሻው ላይ ቢ እና ዲ ይከታተላሉ። ጫጫታ ሲኖር ሁለቱ አይለዩም። ትናንት ማታ «ብራቮ፣ ዴልታ» እያልኩ አራት ጊዜ ደጋግሜ፣ በሬዲዮ የማናግረው ሰው አሁንም አሳስቶ መዘገበኝ።

አሁን የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ በምልክቱ ውስጥ ያለው ቁጥር የሚያሳየው ቀጠናን ሲሆን፣ ሜሪላንድ 3፣ እዚህ ደግሞ 4 ነው። ቤት መቀየር ምልክት እንደማያስቀይር አውቃለሁ። ግን የማመልከቻውን 35 ዶላር ከፍዬ አጭር ምልክት፣ አንድ ፊደል፣ ቁጥርና ሦስት ፊደል ያለው፣ መምረጥ አስቤያለሁ። እዚህ እየኖርኩ ባለ 3 መጠየቅ እችላለሁ? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ስለሆነ ያቺን 3 ማጣት አልፈልግም።

ዋናው የተያዝኩበት ግን ይሄ ነው፦ የምፈልገው ምልክት ባለቤት የ10 ዓመት ፈቃዱ አልፎበታል፣ አላሳደሰም። ምልክቱ ለሌላ ሰው ክፍት እስኪሆን የሚጠበቀው የ2 ዓመት ቆይታ የሚቆጠረው ፈቃዱ ካበቃበት ቀን ነው ወይስ ከመዝገብ ከተሰረዘበት? በአንድ ቀን ብቀድም ማመልከቻዬ ውድቅ ይሆናል? ያለፋችሁበት ሰዎች ቀኑን እንዴት እንደቆጠራችሁ ንገሩኝ።