ክርክር፦ ቤቱ ሳይጠገን ሙሉ ኪራይ ይከፈላል ወይ?

ሄኖክ፦ የዛሬው ወሬያችን ከምንኖርባት ከሜልቦርን ራቅ ይላል፤ የአውስትራሊያ ሰሜናዊ ግዛት ነው። በሩቅ የአቦርጂናል (የአገሩ ነባር ሕዝብ) መንደሮች አከራዩ በአብዛኛው መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኪራዩ በመኝታ ክፍል ብዛት እንዲሰላ ተደረገ። ለአንድ ክፍል በሳምንት 70 ዶላር። ቤቱ አዲስ ይሁን አሮጌ፣ ስሌቱ አያይም። እኔ ግን ጥገና እስኪደረግ ኪራዩ ይቀነስ ባይ ነኝ።

ጋሽ መኮንን፦ ኪራዩ ከተቀነሰ ጥገናው በምን ገንዘብ ሊሠራ ነው? ደግሞ ተከራይም ቤት ይያዝ እንጂ። እኔም አከራይ ነኝ፤ ራሱ ሰብሮ «አሠሩልኝ» የሚለው ሞልቷል።

መቅደስ፦ ጋሽ መኮንን፣ አይቆጡኝና ይሄ አይዋጥልኝም። ሄልዝሃቢታት የሚባል ድርጅት በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን ፈትሿል። በተከራይ ጥፋት የመጣው ብልሽት ከአስር አንድ ገደማ ነው። የቀረው መደበኛ ጥገና ስለሌለ ወይም ድሮውኑ በደንብ ስላልተሠራ ነው። በዚያ ላይ መጨናነቁ አለ። ሦስት ቤተሰብ የሚጋራው ሽንት ቤት ቢበላሽ ምን ይገርማል?

ትዕግስት፦ ሳንታ ቴሬሳ የምትባለውን የአቦርጂናል መንደር ጉዳይ ሰምታችኋል? ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነዋሪዎቹ በ2016 መንግሥትን ከሰሱ። አንዲት እናት ለ68 ወራት የኋላ በር አልነበራቸውም። በር! ለሱ 10,200 ዶላር ካሳ ተፈረደላቸው። በ2023 ደግሞ ከሁሉ በላይ የሆነው የአገሪቱ ፍርድ ቤት፣ አከራይ ውሉን ጥሶ ተከራዩን ካስጨነቀ ለጭንቀቱም ይካስ አለ።

ጋሽ መኮንን፦ ፍርዱ ጥሩ ነው። ግን ለበር ሰባት ዓመት ሙግት? ይልቅ ሥራውን ለመንደሩ ልጆች ይስጧቸው። ቧንቧ ለማጥበቅ ከከተማ ሰው መጠበቅ ምን የሚሉት ነው?

መቅደስ፦ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ሄልዝሃቢታትም የአገሬውን ሰው ነው የሚያሠራው።

ሄኖክ፦ በ2024 ለአዳዲስ ቤቶች 4 ቢሊዮን ዶላር ተመድቧል፤ ለአስር ዓመት፣ በዓመት እስከ 270 ቤት። ደስ ይላል። ግን ጠጋኝ ከሌለ እነሱም ያረጃሉ። ኪራዩ ካልተነካ መንግሥት ምን አስቸኩሎት ይጠግናል? ጋሽ መኮንን፣ የእርስዎ ቤት በሩ ቢወልቅ ለተከራይዎ ስንት ይቀንሳሉ?

ጋሽ መኮንን፦ በማግስቱ አስገጥማለሁ። ኪራዬን ግን ሳንቲም አልቀንስም።

ትዕግስት፦ በማግስቱ ካስገጠሙማ ማን ቀንሱ ይልዎታል?