አፈሩ ቤንዚኑን አልለቅ አለኝ

ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ያለ የነዳጅ ማደያ አስተዳድራለሁ። የተቀበረው የቤንዚን ታንከር አፍስሶ ኖሮ አውጥተን ቀየርነው። የቀረው የተበከለው አፈር ነው። 4 ጉድጓድ በ3 ሜትር ጥልቀት አስቆፍረን፣ የተበሳሳ ቱቦ ከተን፣ በጠጠር ሞልተን ትነቱን በማሽን መሳብ ጀመርን። የሚወጣው አየር በከሰል ማጣሪያ ያልፋል።

በጋውን ጥሩ ሄደ። ምናልባት ግን ስንስብ የነበረው በመሬቱ ስንጥቅ የገባውን አየር ብቻ ይሆናል። ክረምት ሲገባ ግን ጥቁሩ አፈር አብጦ ተደፈነ። ማሽኑ ያጓራል፤ መውጫው ላይ እጄን ሳደርግ ትንፋሽ የለም። ቱቦው የሚያመጣው ጭቃ ውሃ ነው። ጉልበቱን ብጨምርም ያው ነው። ከታች የጎረቤት የውሃ ጉድጓድ ስላለ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

በእንዲህ ያለ አፈር ላይ የሠራችሁ፣ ውሃውን በፓምፕ እያወጣሁ መሳቡን ልቀጥል ወይስ አፈሩን ቆፍሬ ላውጣው?