«ናደው ሲናድ እኔም ተናድሁ»፦ «ተናድሁ» ነው ወይስ «ተናደድሁ»?

ባለማስታወሻው፦
የተከበራችሁ አባላት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ስላስቸገረኝ ወደ እናንተ መጥቻለሁ። ነፍሱን ይማረውና አጎቴ በ1978 ታፍሶ ኤርትራ የዘመተ ሰው ነበር፤ የተወውን የእጅ ጽሑፍ ለቤተ ዘመድ እንዲሆን በኮምፒውተር እየገለበጥሁ ነው። ስለ አፍአበት በሚተርክበት ገጽ ላይ «ናደው ሲናድ እኔም ተናድሁ፤ መሣሪያዬን ግን አልጣልሁም» ይላል። «ናደው» የጦር እዝ ስም እንደሆነ አውቃለሁ። የከበደኝ «ተናድሁ» ነው። እንደ ካብ ፈረስሁ፣ ጉልበቴ ከዳኝ ማለቱ ነው? ወይስ «ተናደድሁ» ሊል አስቦ አንዲት «ደ» ዘለለችው? ፊደል ልጨምርለት ወይስ እንዳለ ልተወው?

ልጅ አንቀጽ፦
«ተናድሁ»ን ከመፍታታችን በፊት «ናደው»ን መፍታት ይገባናል፤ ጸሐፊው በሁለቱ ቃላት የተጫወተው አውቆ ነውና። «ናደው» በጽሑፍ ሲታይ ሁለት ፍቺ ይቀበላል። ኀላፊ አንቀጽ ከሆነ «ናደ» የሚለው ግስ «ው»ን ተቀብሎ «እርሱ አፈረሰው» ማለት ይሆናል። ትእዛዝ አንቀጽ ከሆነ ደግሞ «ናድ» የሚለው ያንኑ «ው» ተቀብሎ «አንተ አፍርሰው» ማለት ይሆናል፤ በፊደልም ሆነ በድምፅ ከፊተኛው የሚለይበት ምልክት የለም። «ደብዳቤውን ላከው» የሚል ብጣሽ ወረቀት ብታገኙ የሥራ ትእዛዝ ይሁን የተፈጸመ ነገር ወሬ መለየት እንደማትችሉት ማለት ነው። የ«ናደው» ታናሽ ወንድም የሆነው «ውቃው እዝ» ግን እንዲህ ያለ ችግር የለበትም፤ ኀላፊው «ወቃው» ስለሚሆን «ውቃው» ያለ ጥርጥር ትእዛዝ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ስም አውጪው «ናደው» ሲል አዘዘ ወይስ ገና ያልተደረገውን እንደተደረገ ቆጥሮ ተናገረ የሚል ነው።

የዋሸራው፦
ልጅ አንቀጽ መልካም ብለዋል፤ ነገር ግን ከሥሩ አልተነሡም። በግእዝ «ነደ፣ ይነድድ» ነደደ፣ ተቃጠለ ማለት ነው፤ «ነደ እሳት» የሚለውን ቅዳሴ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። የአማርኛው «ናደ» ከዚሁ የወጣ ይመስለኛል፤ በጥንት ጊዜ ቅጥር የሚፈርሰው በእሳት ነበርና። በዚህ ከተስማማን «ተናደ»ና «ተናደደ» የአንድ እናት ልጆች ስለሚሆኑ የጠያቂያችን ክርክር በራሱ ይፈርሳል። ለማፍረስ ግእዙ የራሱ ግስ እንዳለው አልዘነጋሁም፤ «ነሠተ» ይባላል። በዚያ ቋንቋ ኀላፊው «ነሠቶ»፣ ትእዛዙ «ንሥቶ» ስለሆነ ማንም አይሳሳትም። እዙ «ንሥቶ» ተብሎ ቢሰየም ኖሮ ዛሬ ይህ ሁሉ ቀለም ባልፈሰሰ ነበር።

እመት ፊደል፦
መምህር፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። «ናደ» ከድንጋይና ከአፈር ጋር የኖረ ግስ ነው፤ ካብ ይናዳል፣ ገደል ይናዳል፣ ከተራራ የሚወርደው የድንጋይ መዓት ናዳ ይባላል። እሳት ያለበት አንድም አገባብ ከገበሬ አፍ አልሰማሁም። «ነደደ» ደግሞ ሁለት «ደ» ያለው ሌላ ግስ ነው፤ ቁጣ እንደ እሳት ስለሚያቃጥል «ተናደደ» ከእርሱ ወጣ። ሁለቱን ያገናኛቸው መልካቸው እንጂ ዘራቸው አይደለም።

እኔን የሚደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። የደርግ መንግሥት ቋንቋ በአዋጅና በሬዲዮ የምናውቀው ነበር፤ በ1974 የተጀመረው ዘመቻ «ቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ» ተብሎ ነበር የተሰየመው። ከዚያ ረጅም ስም ሥር ያሉትን እዞች ስታዩ ግን አብዮቱ ይጠፋና የገጠር ሰው ይናገራል። «ውቃው» የአውድማ ቃል ነው። «መንጥር» መሬት የሚያቀና ሰው ቃል ነው፤ ደን ይመነጠራል፣ ቁጥቋጦ ይመነጠራል። «ናደው» ካብ የሚያውቅ ሰው ቃል ነው። «መክት» ብቻ ከጋሻ መጣ። ወታደሩ በብዛት ከእርሻ የተነሣ ስለነበረ ስም አውጪው የሚገባውን ቋንቋ መርጦለታል። ሌሎቹንም ተመልከቱ፤ እህል በአውድማ ይወቃል፣ ይታፈሳል፣ በስልቻ ይከተታል። ንጉሡ ሲያዝዝ «ክተት» ይባል ነበር፤ ደርግ ሲያዝዝ «አፈሳ» ሆነ። የጠያቂያችን አጎት «ታፈሰ» መባሉን ልብ በሉ። ሰው በፈቃዱ ቢከት ኖሮ እንደ እህል የሚያፍሰው ባላስፈለገ።

ልጅ አንቀጽ፦
አፈሳው ላይ እስማማለሁ፤ ክተቱ ላይ ግን አልስማማም። «ክተት ሠራዊት» ሲባል «አንተ ራስህ ተሰብስበህ ግባ» ማለት ነው እንጂ ሠራዊቱን በስልቻ የሚጨምር ሌላ ሰው የለም። ለሚታፈስ ሰው ግን አፋሽ አለው። እመት የአውድማውን ንድፈ ሐሳብ ለማስጌጥ አድራጊና ተደራጊን ደባልቀዋል።

የቀድሞ ባለሬዲዮ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ1980 አሥመራ በሬዲዮ ክፍል የነበርሁ ሰው ነኝ፤ ሰዋስው አላስተምርም፤ ነገር ግን ቃሉ በምን ላይ እንደተቀመጠ ልንገራችሁ። ናደው እዝ ዋና መምሪያው አፍአበት ሆኖ በናቅፋ ግንባር ለዓመታት ከሻዕቢያ ጋር ምሽግ ለምሽግ ተፋጥጦ የኖረ ነው። በእኛ መካከል «ናደው» የቦታ ስም ያህል ነበር፤ «ከናደው መጣ»፣ «ናደው ተመደበ» እንል ነበር እንጂ ማን ማንን ይናድ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ውቃው በሰሜን ምሥራቅ ሳሕል፣ በአልጌና በኩል፣ በ1976 ተሰብሮ ነበር። «ውቃው ተወቃ» የሚለው ጨዋታ ከዚያ ጀምሮ የነበረ ስለሆነ፣ በመጋቢት 1980 «ናደው ተናደ» ለማለት ቅኔ ቤት መግባት አያስፈልግም ነበር።

አጎትዎ ተናደደ ወይስ ተናደ የሚለውን በሰዋስው ብቻ አትፈርዱትም። የእዙ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዐይኔ በየካቲት 1980 በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ትእዛዝ ተረሸኑ። ጥቃቱ የተጀመረው ከዚያ አንድ ወር ገደማ በኋላ፣ መጋቢት 8 ቀን ነው፤ በሦስት ቀን ገደማ ውስጥ አፍአበት ተያዘች። ወደ አፍአበት የሚያፈገፍገው ሜካናይዝድ ጦር በአድ ሽሩም ጠባብ መተላለፊያ መንገዱ ተዘግቶበት ሲቆም፣ ታንኮቹና መድፎቹ በጠላት እጅ እንዳይገቡ ተብሎ የራሳችን አየር ኃይል ደበደባቸው። ሦስት የሶቪየት መኮንኖች ተማረኩ። አዛዡን በራሱ መንግሥት ጥይት፣ ታንኩን በራሱ መንግሥት ቦምብ ያጣ ወታደር «ተናደድሁ» ቢል ምክንያት አለው። በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት እግረኛ ክፍለ ጦር ሲበተን ያየ ወታደር «ተናድሁ» ቢልም ምክንያት አለው።

የዋሸራው፦
ጌታዬ ባለሬዲዮ ሳያውቁት መለሱት። ዓረፍተ ነገሩ ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ «ተናድሁ» ነው፤ ካቡ ሲፈርስ አብሬ ፈረስሁ። ወርቁ «ተናደድሁ» ነው፤ በገዛ መንግሥቴ ተቃጠልሁ። «መሣሪያዬን ግን አልጣልሁም» የሚለው ማሰሪያ የሚገጥመውም ለወርቁ ነው፤ የፈረሰ ካብ ምንም ነገር አይዝም፤ የተቆጣ ሰው ግን መሣሪያውን ይይዛል። ይህን ለማየት ቅኔ መቁጠር ያስፈልጋል፤ በሌላው ቅኔ ቤት፣ በጎንጅ፣ የተማሩ ወንድሞቻችን ላይታያቸው ስለሚችል አዝናለሁ።

ልጅ አንቀጽ፦
ጎንጅ የተማረውን በሩቁ ስለነኩት አመሰግናለሁ። ወርቅ ያለ ኅብር፣ ማለት ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ሳይኖር፣ ወይም ያለ ግልጽ አገባብ በፈቃድ አይጨመርም፤ የጎደለች «ደ» ሁሉ ወርቅ ከሆነች የትምህርት ቤት ልጆች የጽሕፈት ስሕተት ሁሉ ቅኔ ሊሆን ነው። ወደ «ናደው» እንመለስ። ትእዛዝ ለመሆኑ የማያዳግም ማስረጃ አለኝ፤ እርሱም የፈረስ ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ ተብለዋል። ሁለቱም ትእዛዝ ናቸው፤ ኀላፊ ቢሆኑ «ታጠቀ»ና «በዘበዘ» ይሆኑ ነበር። ስለዚህ የዐፄ ምኒልክ «ዳኘው»ና የራስ መኮንን «ቃኘው» በመልክ እንደ «ናደው» ሁለት ፍቺ ቢቀበሉም በወንድሞቻቸው ትእዛዝ መሆናቸው ይታወቃል። ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። ደርግም በ1969 የሕዝባዊ ሠራዊቱን ሚሊሽያ ያሠለጠነበትን ጦር ሰፈር «ታጠቅ» ሲለው፣ እዞቹንም «ውቃው፣ መንጥር፣ መክት» ሲላቸው የተከተለው ያንኑ የመኳንንት ልማድ ነው። ዘውዱን የጣለ መንግሥት የዘውዱን ሰዋስው አልጣለም።

እመት ፊደል፦
የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ወድጃታለሁ፤ ማስረጃው ግን ያዳግማል። ራስ አሉላ አባ ነጋ ናቸው። «ነጋ» ኀላፊ ነው፤ ትእዛዝ ቢሆን «ንጋ» ይሆን ነበር። ስለዚህ የፈረስ ስም ሁለቱንም ይቀበላል፤ «ዳኘው»ም «ናደው»ም እንደገና ክፍት ሆኑ ማለት ነው። «ታጠቅ» ደግሞ የቴዎድሮስ ፈረስ መታሰቢያ ይሁን ገበሬውን «መሣሪያ ያዝ» የሚል ተራ ትእዛዝ ይሁን ከስሙ ብቻ አይታወቅም። በ1969 የእናት አገር ጥሪ ለተጠራና ሶማሊያ ለወረረችው አገር ለሚዘምት ሰው ሁለተኛው ይበልጥ የሚሰማው ይመስለኛል። ቴዎድሮስንም ደርግ ብቻውን አልወረሰውም፤ በ1983 ኢሕአዴግ በጎጃምና በጎንደር የከፈተውን ማጥቃት «ዘመቻ ቴዎድሮስ» ብሎታል። አንዱ በፈረሱ ስም አሠልጥኖ ሌላው በራሱ ስም አጠቃ ቢባል ከእውነት ብዙ አይርቅም።

በትእዛዝ መሰየምም የደርግ ብቻ አልነበረም። ሻዕቢያ በየካቲት 1982 ምጽዋን የያዘበት ዘመቻ «ፈንቅል» ይባላል። ትግርኛ ቢሆንም አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። «ናደው»ና «ፈንቅል» ፊት ለፊት የቆሙ የአንድ ገበሬ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ድንጋይ ከቦታው ይነሣ ይላሉ። ልዩነታቸው «ፈንቅል» ያ «ው» የሌለው መሆኑ ነው፤ የሚፈነቀለውን አይጠራም።

ባለማስታወሻው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ብዙ ተምሬአለሁ። ነገር ግን ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀኝ ስለሆነ «ደ» ልጨምር ወይስ ልተው የሚለው ጥያቄዬ አሁንም እንዳለ ነው። ይጠቅም እንደሆነ የእጅ ጽሑፉን ፈትሼ ነበር። ሁለት ተመሳሳይ ፊደል በሚከተሉበት ቃል ላይ አጎቴ አይዘልም፤ «ለእናቴ ደብዳቤ ሰደድሁ» ሲል ሁለቱንም «ደ» በግልጽ ጽፎአቸዋል። ስለ ሻለቃቸው መበተን በሚያወራበት በሚቀጥለው ገጽ ላይም «ብርጌዱ እንደ ካብ ወረደ» የሚል አለ።

የቀድሞ ባለሬዲዮ፦
ወንድሜ፣ እንግዲያ ይተዉት። ካብ ካለ «ተናድሁ» ነው። በዚያ ሰሞን የተጻፉ ደብዳቤዎች ላይ ንዴትን በግልጽ የሚጽፍ ወታደር እምብዛም አላየሁም፤ ደብዳቤው የሚከፈት ስለነበረ ሰው ይጠነቀቅ ነበር። ይህ ግን ደብዳቤ ሳይሆን በኋላ የተጻፈ ማስታወሻ ከሆነ ያ ጥንቃቄ አይያዝበትም። ማስታወሻውን የጻፈው መቼ ነው? ከ1983 በፊት ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ በኋላ ከሆነ ሌላ ነው።

የዋሸራው፦
ቀኑ ምንም ቢሆን ወርቁ ወርቅ ነው፤ ጠንቃቃ ሰው ወርቁን የሚደብቀው በሰሙ ውስጥ አይደለምን? አሁን ግን የሚያሳስበኝ የእመት ፊደል «ነጋ» ነው። «ነጋ»ን ኀላፊ ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል፤ ትግራይ በተወለደ የጦር አለቃ ስም ላይ የአማርኛን አንቀጽ ከመጫናቸው በፊት በትግርኛ ምን ማለት እንደሆነ ሊጠይቁ ይገባቸው ነበር። በዚህ ላይ ትግርኛ የሚያውቁ አባላት እስኪመጡ ድረስ «ዳኘው» ተዘግቷል፤ እርሱ ከተዘጋ ደግሞ «ናደው»ም ትእዛዝ ነው።

ልጅ አንቀጽ፦
መምህር ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ጋር ተስማምተዋል፤ ነገር ግን በተሳሳተ ምክንያት ስለሆነ ድጋፉን አልቀበልም። «አባ በዝብዝ»ም ትግራይ የተወለዱ ናቸው፤ ስማቸውን ግን በአማርኛ አንቀጽ ፈትተነዋል። ለአንዱ የፈቀድነውን ለሌላው ልንከለክል አንችልም።