ጥቆማ፦ ከሱሉልታ በጠዋት በሞተር ለሚወርድ ሰው የቱ ጃኬት ይሻላል? ቆዳ፣ ሰልባጅ ወይስ ማሰፋት?

የሱሉልታው፦
ሰላም ለሁላችሁ። በየቀኑ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከሱሉልታ ተነስቶ በእንጦጦ በኩል ወደ ፒያሳ ለሚወርድ ሞተረኛ የሚሆን ጃኬትና ጓንት ጠቁሙኝ። ስልኬ 6 ዲግሪ ይላል፤ ሞተሩ ላይ ሲወጣ ግን 6 አይመስልም። ያሉት አማራጮች የቆዳ ጃኬት፣ የመርካቶ ሰልባጅ ናይለን፣ ወይም ለልብስ ሰፊ ልኬት ሰጥቶ ማሰፋት ናቸው። ጥቅምት ሳይገባ መግዛት እፈልጋለሁ።

ዲግሪ_በዲግሪ፦
ስልክህ አልዋሸህም፤ አየሩ 6 ነው። ሰውነትህ ግን ቆዳህ አጠገብ ያለውን ስስ አየር አሙቆ እንደ ልብስ ይለብሰዋል፤ ንፋስ ይህን ነው እየገፈፈ የሚወስደው። አሜሪካና ካናዳ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚጠቀሙበት የንፋስ ብርድ ቀመር ሲሰላ፣ በ6 ዲግሪ አየር ላይ በሰዓት 20 ኪ.ሜ. የሚነፍስ ንፋስ ፊት ላይ 2 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማል። 50 ሲሆን 0 ይሆናል፤ 60 ሲሆን ደግሞ ከዜሮ በታች ግማሽ። አየኸው? ዋናውን ሙቀት የሚዘርፍህ የመጀመሪያው 20 ነው። ከ60 ወደ 50 ብትቀንስ የምታተርፈው ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ መንዳት ለሕይወትህ ጥሩ ነው፣ ለብርዱ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ንፋሱን ማገድ ነው ያለብህ።
ስለዚህ በውፍረት አትታለል። ወፍራም ሹራብና ፍሊስ ብቻውን ሞተር ላይ ወንፊት ነው። ጨርቁን አፍህ ላይ ገጥመህ በኃይል ንፋ፤ ከጀርባው ያስቀመጥከው መዳፍ ላይ ትንፋሽህ ከተሰማህ መልሰህ ስቀለው።

ሽሮሜዳ_ለዘላለም፦
ወንድሜ፣ ሽሮ ሜዳ እኮ ከመንገድህ ሩቅ አይደለም! ምን ጃኬት ያስፈልግሃል? የእጅ ፈትል፣ አራት ድርብ ጋቢ ግዛ። ከጋቢ የሚበልጥ ነገር እስካሁን አልተሠራም።

የተላጠው፦
ከቆዳ ጃኬት ተጠንቀቅ! ስሙን የማልጠራው ሱቅ «ንጹሕ የበግ ቆዳ» ብሎ የሸጠልኝ በሦስተኛው ወር ክርኑና አንገቱ ላይ እንደ ድንች ተላጠ። ለካ ሬክሲን (ቆዳ መሳይ ፕላስቲክ) ነው። መልሱልኝ ሲባሉ «ዝናብ ነክቶት ነው» አሉ። ዝናብ የማይችል የሞተር ጃኬት!

አልፎ_ሂያጅ፦
@የተላጠው ደረሰኝ አለህ?

የተላጠው፦
በወረቀት ቁራጭ የተጻፈ ነው። ማኅተም የለውም።

አልፎ_ሂያጅ፦
እንግዲያው ጃኬቱ ብቻ ሳይሆን አንተም ተልጠሃል።

ቆዳና_ጫማ፦
ቀልዱን ትተን፣ መለየት ከባድ አይደለም። የኪሱን ውስጥ ወይም የታችኛውን እጥፋት ገልብጠህ የተቆረጠውን ጠርዝ እይ። ቆዳ ከሆነ ክሮቹ የተዘበራረቁ፣ ጸጉራም ናቸው፤ ሬክሲን ከሆነ ከላይ ስስ ፕላስቲክ፣ ከታች የተሸመነ ጨርቅ ሆኖ ለሁለት ይለያል። በአውራ ጣት ስትጫነው ቆዳ ዙሪያውን ደቃቅ መጨማደድ ያወጣል። በጠረኑ አትፍረድ፣ ጠረን ይቀባል። በክብሪትም አትሞክር፤ ባለሱቁ በትክክል ያባርርሃል።
የደጋችን በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ ስለሆነ በጓንት የታወቀ ነው፤ ጓንቱን ከእሱ ግዛ። ለጃኬት ግን ብትወድቅ አስፋልቱን የሚችል የላም ወይም የፍየል ቆዳ፣ ከ1 ሚሊሜትር ያልሳሳ ይሁን።

የተላጠው፦
የኔ ጠርዙ ለሁለት ተለያየ። ይኸው ተረጋገጠ። እንዲህ ያለ ሱቅ መታሸግ አለበት!!

ጠያቂ_ቁጥር_2፦
ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። 0 ዲግሪ ሆኖ ከተሰማ ውጭ የሚያድር መኪና ራዲያተር ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ይሆናል ማለት ነው?

ዲግሪ_በዲግሪ፦
አይሆንም። ንፋስ ደረቅ ዕቃን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል እንጂ ከአየሩ በታች አያወርደውም። አየሩ 6 ከሆነ ራዲያተሩ 6 ላይ ይቆማል። «የሚሰማ» የተባለው ራሱ ሙቀት ለሚያመነጭ አካል ነው። የሞተረኛው ጣትም በ6 ዲግሪ በረዶ አይሆንም፤ ግን ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬንና ፍሪሲዮን ላይ ይዘገያል። አደጋው እዚያ ነው።

ማረሚያ፦
ለዲግሪ_በዲግሪ ትንሽ እርማት። ቀመሩ የሚፈልገው 10 ሜትር ከፍታ ላይ የተለካ ንፋስ ነው፤ ፊት ጋ የሚደርሰው የዚያ ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው ተብሎ የተሰላ ነው። ሞተር ላይ ግን 50ው ሳይቀነስ ፊት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሁለት ሦስተኛው 50 የሚሆነውን 75 ማስገባት አለብህ፤ ውጤቱም ከዜሮ በታች 1 ነው። ንፋስ ከፊት ከመጣ ደግሞ በሞተሩ ፍጥነት ላይ ይደመራል። ቀመሩ የተሠራው ለደረቅ ፊት ስለሆነ የእንጦጦ ጉም ያረጠበው ሰው ላይ አይሠራም፤ ትነቱ ሌላ ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

እማማ_ዘነቡ፦
ልጆቼ፣ ይህ ሁሉ ቁጥር ምን ያደርጋል? ንፋስ ምች ነው። ላብ ይዞት ወደ ንፋስ አይውጣ። ዳማከሴ በቡና ይጠጣ።

አልፎ_ሂያጅ፦
እማማ ልክ ነዎት። በታክሲ ውስጥ «መስኮቱን ዝጉት» የሚለው ሕዝብ የሞተረኛውን መስኮት ማን ይዝጋለት?

ዱባይ_ማሪና፦
እናንተ ታድላችኋል፤ እዚህ በሐምሌ ንፋሱ ራሱ ያቃጥላል።

ዲግሪ_በዲግሪ፦
ቆዳችን ወደ 35 ዲግሪ ነው። አየሩ ከዚያ ሲያልፍ ንፋስ ሙቀት መውሰዱን ትቶ ያመጣል፤ የሚያድንህ ላብህ ሲተን ብቻ ነው፤ ባሕር ዳር ባለ እርጥብ አየር ደግሞ ላብ ቶሎ አይተንም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ40 ዲግሪ በላይ ቬንትሌተር ሰውነትን ያሞቃል ይላል። ለዚህ ግን ሌላ ርዕስ ክፈት።

ከሚኒሶታ፦
ወደ ጥያቄው እንመለስ። ከሦስቱ የመርካቶ ሰልባጅ ናይለን ዋጋውን ያወጣል፤ ነገር ግን እነዚህን እይ፦ ከዚፑ ኋላ የሚሸፍን ጨርቅ ከሌለው በዚፑ ጥርስ መሃል የሚገባው ንፋስ ደረትህን ለሁለት ይከፍልሃል። እጅጌው ጫፍ ላይ ላስቲክ ይኑረው፤ ጓንቱ ከእጅጌው በላይ ይዋል። አንድ ቁጥር ከፍ አድርገህ ግዛ፤ ጠቦ ከተጫነ የውስጡ ሹራብ የሚይዘው አየር አይኖርም። ለጉልበትህ የዝናብ ሱሪ ከላይ ልበስ። በመጀመሪያው ሳምንት ገንዘብ ካጠረህ ሁለት ሦስት የጋዜጣ ገጽ ደረትህ ላይ፣ ከጃኬቱ ሥር አድርግ፤ አይቀለድበት፣ ብስክሌተኞች ከቁልቁለት በፊት ያደርጉታል። ቫዝሊን ድርቀትን እንጂ ብርድን አይከላከልም።
ለእጅ ደግሞ ከሸራ የመሪ ሽፋን አሰፋ። ሸራ ተራ ሄደህ መለኪያውን ከሞተሩ ላይ አስወስድ፤ እጅህ ሲወድቅ ወዲያው የሚወጣበት ያህል ሰፊ ይሁን፤ የፍሬኑንም እጀታ እንዳይጫነው።

ሽሮሜዳ_ለዘላለም፦
ጋቢ ይህን ሁሉ ጣጣ የለውም።

ከሚኒሶታ፦
ጋቢ ቁጭ ላለ ሰው ወደር የለውም። ሞተር ላይ ግን ሽመናው ንፋስ ያሳልፋል፤ ጫፉ ሰንሰለት ውስጥ ከገባ ደግሞ ባለቤቱን ይዞ ነው የሚገባው። የግድ ከሆነ አጥፈህ ከናይለኑ ሥር አድርገው።

መሃል_ሜዳ፦
ሁላችሁም በርኖስን፣ የሱፍ ካባውን፣ ረሳችሁ። ከመንዝ በግ ጸጉር የተሠራ በርኖስ ጋቢ የሚያሳልፈውን ያህል ንፋስ አያሳልፍም፤ የመንዝን ንፋስ የቻለ ሱሉልታን አይፈራም።

አልፎ_ሂያጅ፦
በርኖስ በሞተር ላይ። እንጦጦ ሲደርስ መኳንንት መጣ ተብሎ መንገድ ይለቀቅለታል።

የተላጠው፦
የሱቁን ስም በውስጥ መስመር ለሚፈልግ እሰጣለሁ።

የሱሉልታው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። አንድ ነገር ብቻ፦ የሄልሜቱ መስታወት በትንፋሽ ሲጉም ምን ይደረጋል?

ከሚኒሶታ፦
አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና የውስጡ ገጽ ላይ ቀብተህ እስኪጠራ በደረቅ ጨርቅ ወልውለው። በየሁለት ሦስት ቀኑ ድገመው። ስትቆም መስታወቱን ጣት በምታስገባ ያህል ክፈት።

ሽሮሜዳ_ለዘላለም፦
በጋቢህ ጫፍ ጥረገው።