ተመዝግበው የማይጠቀሙ ሰዎች፦ የሚያስቀራቸው ምንድን ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁም። በሞባይል የሚሰጡ የክፍያ አገልግሎቶች ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ። ሰው መተግበሪያውን ያወርዳል፣ ይመዘገባል፣ ከዚያ አንድም ክፍያ ሳይፈጽም ይጠፋል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል» የሚል ነው። እውነት ችግሩ የግንዛቤ ነው? ለማስታወቂያ ተጨማሪ በጀት ከመያዙ በፊት የትኛውን ነገር መመርመር ይሻላል?

የጥናት ሰው፦
የተመዘገበ ሰው እኮ ስለ አገልግሎቱ ሰምቷል። የሥነ ተግባቦት ምሁሩ ኤቨረት ሮጀርስ አዲስ ነገር እንዴት እንደሚስፋፋ ሲተነትን ማወቅን የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው ያደረገው። ቀጥሎ ልብ ማዘንበል፣ መወሰን፣ መጠቀም፣ ከዚያም «ደግ አደረግሁ» ብሎ ማረጋገጥ አለ። እርስዎ የሚያጧቸው ሰዎች መወሰንና መጠቀም መካከል ላይ የቆሙ ናቸው። እዚያ የቆመን ሰው ማስታወቂያ አያንቀሳቅሰውም።

ሰዎች ቴክኖሎጂን ለምን እንደሚቀበሉ ያጠናው ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት ሁለት ነገር ለካ፦ ሰው «ይጠቅመኛል» ብሎ ማመኑን እና «አይከብደኝም» ብሎ ማመኑን። ከአጠቃቀም ጋር ይበልጥ የተያያዘው ጠቀሜታው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪው ቬንካቴሽና ባልደረቦቹ የቅርብ ሰዎችን ተጽዕኖና የአመቺ ሁኔታዎችን መኖር (ስልክ፣ ኔትወርክ፣ ሲቸገሩ የሚጠይቁት ሰው) ጨመሩበት።

ሮጀርስ ሰው አዲስን ነገር ይመዝንባቸዋል ካላቸው መመዘኛዎች ውስጥ ግን በጣም የሚረሳው «በትንሹ ልሞክረው እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ዝቅተኛ መጠን ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ሙከራ የሚባል ነገር የለም፤ ሰውየው በቀጥታ አደጋ ውስጥ እየገባ ነው። ዝቅተኛውን መጠን አውርዱት፤ ከራስ ሂሳብ ወደ ራስ ሂሳብ መላክንም ፍቀዱ። ቢሳሳት የሚያጣው ነገር እንደሌለ የሚያውቅ ሰው እጁ አይፈራም።

ገጽ ነዳፊ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ብዙው ሰው ክፍያው ገጽ ላይ ሳይደርስ ነው የሚቀረው። የማረጋገጫ ኮዱን ተመልከቱ። ኮዱን ለማየት ሰውየው ከመተግበሪያው ወጥቶ መልእክቱን ይከፍታል፣ ሲመለስ የሞላው ቅጽ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። ሁለተኛ ጊዜ አይሞላውም። ቅጹ የተሞላበትን እንዲያስታውስ አድርጉ፤ የኮዱም ዕድሜ መልእክቱ ዘግይቶ ሊደርስ እንደሚችል ታስቦ ይወሰን።

ሌላም አለ። አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ቁምፊ ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ እያንዳንዱ ክፍል 67 ቁምፊ እየያዘ ተከፋፍሎ ይላካል፤ ወጪውም እንደዚያው ይጨምራል። ሰላምታና የድርጅት ስም አስቀድማችሁ ኮዱን መጨረሻ ላይ ካስቀመጣችሁት፣ ሁለተኛው ክፍል እስኪደርስ ሰውየው ኮድ አልመጣልኝም ይላል። ኮዱ የመልእክቱ የመጀመሪያ ቃል ይሁን።

ፈቃድ መጠየቅም ጊዜ አለው። ገና ሲከፈት የስልክ ማውጫንና ያለበትን ቦታ ለማየት የሚጠይቅ መተግበሪያ ጥርጣሬን በገዛ እጁ ይጠራል። ማውጫውን ሰውየው «ከስልኬ ቁጥር ምረጥ» የሚለውን ሲነካ ጠይቁ፤ ያኔ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ለመመርመር 5 ሰው ይበቃል። አንድ ሥራ ስጧቸው፦ «ለዚህ ቁጥር ትንሽ ገንዘብ ላክ»። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ዝም በሉ። ጣታቸው የት እንደሚቆም ጻፉ። ማስረዳት ከጀመራችሁ ፈተናው ተበላሽቷል።

ሲስተም አልሚ፦
እኔ ከሁሉ የማስቀድመው የገንዘቡን ጉዳይ ነው። ሰው «ላክ» ብሎ ተጭኖ ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን ያያል? ብዙ ጊዜ «አልተሳካም» የሚል ጽሑፍ። በእርግጥ ግን ትእዛዙ ሰርቨሩ (ክፍያውን የሚያስፈጽመው የድርጅቱ ኮምፒውተር) ጋ ደርሶ፣ የተቋረጠው መልሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሰውየው ደግሞ ይጫናል፤ ሁለት ጊዜ ይቆረጥበታል። ይህ አንድ ሰው ላይ ከደረሰ ወሬው ቤተ ዘመድ ሁሉ ያዳርሳል።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ትእዛዙ ከስልኩ ከመውጣቱ በፊት የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠው፤ እንደገና ሲሞከርም ያው ቁጥር ይላክ። ሰርቨሩ አንድን ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ያስፈጽማል፣ ለሁለተኛው ጥያቄ የቀድሞውን ውጤት ይመልሳል። መልስ እስኪመጣ ድረስ «በሂደት ላይ ነው፤ እንደገና አይላኩ» በሉ። በትክክል ካልተሳካ ደግሞ «ስህተት ተፈጥሯል» አይበቃም፤ «ገንዘብዎ ከሂሳብዎ አልወጣም» ብላችሁ በግልጽ ጻፉት። ሰውየው ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ከመላኩ በፊትም የተቀባዩ ስም በጉልህ ይታይ። አንድ አሃዝ የመሳሳት ፍርሃትን ከዚህ በላይ የሚቀንስ ነገር የለም።

ጠያቂ፦
በጣም አመሰግናለሁ። በዕድሜ የገፉትስ? ብዙዎቹ ስልኩን ለልጆቻቸው ሰጥተው ነው የሚያስከፍሉት። ለተመዘገበ ሁሉ ጉርሻ መስጠትስ ይረዳል?

የደንበኛ ድጋፍ፦
ልጁ ሲከፍል የአባትየው የሚስጥር ቁጥር በሰው እጅ ገባ ማለት ነው፤ አባትየው ራሱም አልለመደም። የሚሻለው ረዳቱ ከራሱ ስልክ ክፍያውን እንዲያዘጋጅ፣ ባለሂሳቡ ግን አይቶ እንዲያጸድቅ ማድረግ ነው። ስታሠለጥኑም ስልኩን ከእጃቸው አትውሰዱ። ቢዘገዩም ራሳቸው ይንኩት።

ጉርሻን ለምዝገባ ከሰጣችሁ ለጉርሻው የመጣ ሰው ታገኛላችሁ። ከሦስተኛው ክፍያ በኋላ ስጡት። የምትቆጥሩትም ያወረደውን ሳይሆን በ30 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ የከፈለውን ይሁን። በአካል የሚከፈልበትን ነባሩን መስኮት ለመዝጋት ደግሞ አትቸኩሉ፤ ሰው ተገዶ ሲጠቀም ቁጥሩ ያድጋል፣ ሌላ አማራጭ ባገኘ ዕለት ግን ጥሎ ይሄዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ በስህተት የተላከ ገንዘብ በስንት ሰዓት መልስ እንደሚያገኝና የሚደወልበት ቁጥር በደረሰኙ ገጽ ላይ ይጻፍ። «ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች» ውስጥ ተደብቆ የተቀመጠ ቁጥር ለደነገጠ ሰው እንደሌለ ነው።