ቀስቱ ከዋናው መንገድ ይወርድብኛል፤ አዲስ ናቪጌሽን ልግዛ ወይስ ይሄው ይስተካከላል?

ባለ ቪትዟ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እቤቴ ኬክ እየጋገርኩ በራሴ ቪትዝ ለደንበኞቼ አደርሳለሁ። መኪናዋ ስትመጣ የነበራት ናቪጌሽን ጽሑፉም ካርታውም የጃፓን ነበር። ስለዚህ ከአራት ወር በፊት አስነቅዬ አንድሮይድ ስክሪን አስገጠምኩ። ከነማስገጠሚያው 18 ሺህ ብር ወጣብኝ። ስክሪኑ ደስ ይላል። ትልቅ ነው፣ ፀሐይ ሲያርፍበትም ይታያል፣ የኋላ ካሜራውም ጥርት ያለ ነው። ችግሩ መንገድ ሲመራ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ባለ ሦስት ደርብ የሠርግ ኬክ ይዤ ከሳር ቤት ወደ ገርጂ ወጣሁ። እስከ ጎተራ ደህና መራኝ። ቀለበት መንገድ ላይ ቦሌን ካለፍኩ በኋላ ግን ቀስቱ ከዋናው መንገድ ወርዶ ጎን ያለው ሰርቪስ መንገድ ላይ ተቀመጠ። እኔ ያለሁት ዋናው ላይ ነው። «ከ100 ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ ይታጠፉ» ይለኛል። በቀኜ ያለው የሲሚንቶ መለያ ነው! ግራ ተጋብቼ ሳለሁ መውጫው አለፈኝ። መገናኛ ድረስ ሄጄ ዞሬ ስመጣ 35 ደቂቃ ባከነ። የታችኛው ደርብ ክሬም በአንድ ጎኑ መሟሟት ጀምሮ ነበር። የሙሽራዋ እናት ቆመው እያዩኝ በእጄ አስተካከልኩት። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ሆዴን ይቆርጠኛል።

ሌላም አለ። ጠዋት መኪናዋን ሳስነሳ ያለሁበትን ለማወቅ ሦስትና አራት ደቂቃ ይፈጅበታል። 22 አካባቢ፣ ፎቅ በበዛበት፣ ቀስቱ ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ይዘላል። ስልኬ ግን እዚያው አጠገቤ ሆኖ በትክክል ያሳያል። መስታወት ላይ የሚለጠፈውን፣ ለብቻው የሚሸጠውን መሣሪያ ብገዛ ይሻላል? የምታውቁ እርዱኝ።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን፦

እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዢው። መጀመሪያ አንቴናውን ፈልጊ። ከስክሪኑ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ከክብሪት ሳጥን የማይበልጥ ጥቁር ነገር ነው፤ ረጅም ቀጭን ሽቦ አለው። የገጠመልሽ ሰው ቸኩሎ ከሆነ ከስክሪኑ ጀርባ ወርውሮት ዘግቶታል። በቀን ሁለት ሦስት እንደዚህ ያለ መኪና እከፍታለሁ። እዚያ ውስጥ ዙሪያው ብረት ነው።

ያለሽበትን የሚያሳውቁት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ያሉት ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ሲግናል በጣም ደካማ ነው፤ መስታወትና ፕላስቲክ ያልፋል፣ ብረት አያልፍም። መሣሪያው ያለበትን ለማወቅ ቢያንስ አራት ሳተላይት ማየት አለበት። አንቺ ጋ የሚደርሱት ጥቂት ናቸው፤ ከነሱም ግማሹ ፎቅ ላይ ነጥሮ የመጣ ነው። 22 ላይ የሚዘለው በዚህ ነው።

ሲነሳ የሚዘገየውም ከዚያው ነው። ሳተላይቱ እኔ ያለሁት እዚህ ነው የሚልበትን መልእክት በየ30 ሴኮንዱ ይደግመዋል። መሃል ላይ ከተቆረጠበት መሣሪያሽ ቀጣዩን ዙር ይጠብቃል። ስልክሽ ያንን መረጃ በኢንተርኔት ቀድሞ ስለሚያወርድ ነው የፈጠነው።

አንቴናውን አስወጪና ዳሽቦርዱ ላይ፣ መስታወቱ ጥግ አስቀምጪው። ማግኔቱ ወደ ታች፣ ጀርባው ወደ ሰማይ። ዳሽካም ካለሽ አራርቂው፤ ርካሹ ካሜራ ይረብሸዋል። ሳተላይት የሚቆጥር ነጻ አፕ ጫኚና ዳሽቦርዱ ከመዘጋቱ በፊት ቁጥሩን በዓይንሽ እዪ።

የኦሞ መስመር ሹፌር፦

ኤሌክትሪሺያኑ ልክ ነው። እኔ አስጎብኚ ሹፌር ነኝ፤ ለብቻው የሚሸጠውን መሣሪያ ስድስት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። ትራክስ ፎር አፍሪካ የሚባለውን ካርታ ጭኜበታለሁ። ከኮንሶ ወደ ጂንካ፣ ከቀይ አፈር ወደ ቱርሚ ኔትወርክ በሚጠፋበት ቦታ አልከዳኝም። መስታወት ላይ ስለሚለጠፍ ሰማዩን በደንብ ያያል፤ ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው። አንቴናሽን ካወጣሽው ያንኑ ጥቅም አገኘሽ ማለት ነው።

ለከተማ ግን አልመክርሽም። ያኔ የነበረኝ ካርታ በኮሪደር ልማቱ የተዘጉትን ማዞሪያዎች አያውቃቸውም፤ የትራፊክ መጨናነቅም አያሳይም ነበር። አዲስ አበባ ስገባ አጥፍቼው በስልኬ ነበር የምነዳው።

ዳታ ካስጨነቀሽ ደግሞ፣ ጂፒኤሱ ራሱ ዳታ አይበላም። የሚበላው ካርታውና የትራፊክ መረጃው ነው። ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለውን የካርታ አፕ አውርጂና የኢትዮጵያን ካርታ ዋይፋይ ባለበት አንዴ ጫኚ፤ ከዚያ ሲም ሳይኖርም ይመራሻል። የጫንሽው ውስጥ አጭሩን መንገድ የሚል ምርጫ ካለ ፈጣኑን በሚለው ቀይሪው። እኔ አንዴ ዲመካ አካባቢ ሳልቀይረው ቀርቼ እንግዶች ይዤ የከብት መንገድ ውስጥ ገባሁ። ልጆች ናቸው መርተው ያወጡኝ።

ለደንበኛ ሰዓት ስትናገሪም ተጠንቀቂ። አፑ የምትደርሺበትን ሰዓት 4:40 ሲልሽ በኛ 10:40 ነው። በዚህ የተጣላ ሹፌር አውቃለሁ።

ባለ ቪትዟ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሞቼ። ዛሬ አስከፈትኩት። አንቴናው ከሬዲዮው ሽቦ ጋር በፕላስተር ተጠቅልሎ ከስክሪኑ ሥር ተኝቶ ነበር። እዚያ እያለ አፑ 5 ሳተላይት ቆጠረ። መስታወቱ ጥግ ስናደርገው 17። የከፈተልኝ ልጅ ራሱ ደነገጠ። አሁን ሳስነሳ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ 22 ላይም አልዘለለም።

ግን ቀለበት መንገዱ ላይ አራት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ሁለቴ እንደገና ሰርቪስ መንገዱ ላይ አስቀመጠኝ። ይሄስ ከምን ይሆን?

የመኪና ኤሌክትሪሺያን፦

እሱ የአንቴና ጉዳይ አይደለም። ሰማይ ክፍት ሆኖም መሣሪያው ጥቂት ሜትር ይሳሳታል። አፑ ደግሞ ቀስቱን ባዶ ሜዳ ላይ አያስቀምጥም፤ ቅርብ ወደመሰለው መንገድ ይስበዋል። ዋናውና ሰርቪሱ ጎን ለጎን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄዱ መለየት ያቅተዋል። የሳተላይቱን ሲግናል ኤል1 እና ኤል5 በሚባሉ ሁለት ፍሪኩዌንሲዎች የሚቀበሉ አዳዲስ ስልኮች በዚህ ይሻላሉ። ያንቺ ስልክ ከነሱ ከሆነ ቀለበት ላይ እሱን መስታወት ላይ ስቀዪው።

የነቀልሽው የጃፓኑ ዕቃ ካርታው ባይጠቅምሽም አንድ ጥሩ ነገር ነበረው። የዚያ ዓይነቶቹ የመኪናዋን ፍጥነት የሚቆጥር ሽቦና መታጠፏን የሚያውቅ ጋይሮ አላቸው። ዋሻ ውስጥ ሲግናል ሲጠፋ እንኳ በግምት ይቀጥላሉ። የአሁኖቹ ርካሽ ስክሪኖች ብዙዎቹ ይሄ የላቸውም።

እስከዚያው ከመነሳትሽ በፊት ካርታውን አስፍተሽ መውጫሽን እዪ። ለገርጂ የትኛው ጋ እንደምትወጪ ካወቅሽ ቀስቱ የትም ቢቀመጥ ግድ የለሽም።

ባለ ቪትዟ፦

ስልኬን አየሁት፣ ኤል5 አለው! መያዣ ገዛሁ። ለደንበኞቼም ከዛሬ ጀምሮ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» ብቻ እንዳይሉኝ፣ በቴሌግራም ሎኬሽን እንዲልኩልኝ ጽፌላቸዋለሁ። ሰማያዊ በሩንም ግን እጠይቃለሁ፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሎኬሽኑ ብሎኩን ቢያሳይ ደረጃውን አያሳይም። ቅዳሜ ወደ አያት ሁለት ኬክ አለኝ። ስመለስ እንዴት እንደነበር እጽፍላችኋለሁ።