የቅዳሜ ምሽቶች ዕቅድ፦ «ፍሪክስ ኤንድ ጊክስ»ን ከልጆቻችን ጋር እንደገና ስለማየት

ዕቅድ አቅራቢው፦
የአዳራሹ ቀብድ እስከ ዓርብ ካልተከፈለ ቦታው ለሌላ ስለሚሰጥ ረቂቁን ከዚያ በፊት ማጽደቅ ይኖርብናል። ድራማው በአንድ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ፍሪክ» (ከሥርዓት ያፈነገጠ) እና «ጊክ» (ከእኩዮቹ የማይገጥም፣ የሚሾፍበት) ተብለው ስለሚሰደቡ ልጆች የሚያወራ የቴሌቪዥን ድራማ ሲሆን በጠቅላላው 18 ክፍል ነው፤ አንዱ ክፍል 45 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ በየቅዳሜው ሦስት ሦስት ብናሳይ በስድስት ሳምንት ያልቃል። ወላጅ ከልጁ ጎን ተቀምጦ ያያል፤ ቀጥሎ በአማርኛ እንወያያለን። ባለፈው ዓመት ወጣቶቹን ብቻቸውን ጠርተን የደረሰብንን ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ወላጅ የሌለበት ምሽት እንዲታቀድ አልስማማም።

ለምን ይህ ድራማ እንደተመረጠ ለጠየቃችሁኝ፦ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንቢሲ ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ማሳየት ሲጀምር እኔ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣሁ ገና ዓመቴ ነበር። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1980 ሚሺጋን ውስጥ፣ ዲትሮይት አጠገብ ባለች ልብ ወለድ ከተማ ስለሚጀምር ከእኔ ኑሮ ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስልም። ነገር ግን ቢል የተባለው ረጅም መነጽራም ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ባዶ ቤት የሚገባበት አንድ ትዕይንት አለ። ዳቦውን በቺዝ ይጠብሳል፣ ወተቱን ይቀዳል፣ ኬኩንም ጨምሮ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጥና ጋሪ ሻንድሊንግ ሲቀልድ እያየ፣ አፉ በምግብ እንደተሞላ ብቻውን ይስቃል። የሚሰማው የዘ ሁ ባንድ ዘፈን ነው እንጂ ልጁ አንድም ቃል አይናገርም። እናቴ በዚያን ጊዜ የምሽት ፈረቃ ትሠራ ነበር፤ እኔም የቀዘቀዘ ሽሮ በእንጀራ ጠቅልዬ፣ ሳህኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ልክ እንደዚያ ብቻዬን እስቅ ነበር። እናቴ ይህን እስከ ዛሬ አታውቅም። እዚህ ያላችሁ ወላጆች ያንን ትዕይንት ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ተቀምጠው እንድታዩት ነው የምፈልገው።

ገንዘብ ያዥ፦
ቀብዱ 250 ዶላር ነው፤ በካዝናው አለ። ያልታሰበው ወጪ ግን ሌላ ነው። ለቤት የተገዛ ዲስክ በአዳራሽ ለሕዝብ ሲታይ የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም በነጻ አይገኝም። ይህ ድራማ ራሱ እ.ኤ.አ. እስከ 2004 ድረስ በዲስክ ሳይወጣ የቆየው የዘፈኖቹ መብት ክፍያ ከባድ ስለነበረ መሆኑን አትርሱ። ለስድስት ምሽት የሚበቃ ገንዘብ ስለሌለን የምሽቶቹ ቁጥር መቀነስ አለበት።

ጸሐፊ፦
ማስታወቂያው ተጠናቅቋል። የድራማውን ስም በአማርኛ «ዱርዬዎችና ቀለሜዎች» ብዬ ተርጉሜዋለሁ። 150 ቅጂ አሳትሜአለሁ፤ ደረሰኙን ለገንዘብ ያዥ ልኬአለሁ።

የወላጆች ተወካይ፦
በማኅበራችን ማኅተም ሥር «ዱርዬ» የሚል ቃል ተጽፎ በየእንጀራ መሸጫው ሲለጠፍ አላይም። የትኛዋ እናት ናት ልጇን ይዛ «የዱርዬዎች» ምሽት የምትመጣው? ርእሱ ካልተቀየረ የወላጆች ኮሚቴ አይሳተፍም።

ጸሐፊ፦
የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ ስድብ ነው፤ ድራማው የተሰየመውም ልጆቹ በሚሰደቡበት ስም ነው። ስድቡን በጨዋ ቃል ከተረጎምነው ልጆቹ የሚሸከሙትን ሸክም ደበቅነው ማለት ነው።

የቅዳሜ ትምህርት ቤት መምህርት፦
ከ«ዱርዬ» ይልቅ የከፋው ስሕተት «ቀለሜ» የሚለው ነው። ቀለሜ ከቀለም የመጣ ቃል ነው፤ በትምህርቱ የበረታ፣ ከመጽሐፍ የማይለይ ተማሪ ይባልበታል። ጊኮቹ ሳም፣ ኒልና ቢል በትምህርት ጉብዝናቸው የታወቁ ልጆች አይደሉም። ፊልም የሚወዱ፣ እርስ በርስ እየተቀላለዱ የሚውሉ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ቡድን ሲመረጥ መጨረሻ ላይ የሚቀሩ ልጆች ናቸው። በድራማው ውስጥ እውነተኛዋ ቀለሜ የሳም እኅት ሊንዚ ናት፤ የሒሳብ ውድድር ቡድኑን ትታ፣ የአባቷን የወታደር ጃኬት ደርባ ወደ ፍሪኮቹ የተቀላቀለችውም እሷ ናት። ስለዚህ በእርስዎ ትርጉም ቀለሜዋ ከዱርዬዎቹ ጋር ስትውል፣ ቀለሜ ያልሆኑት ቀለሜ ተብለዋል። ተመልካቹ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ግራ ይጋባል።

ጸሐፊ፦
ድራማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት አስመስለው ነው የጻፉት። እኔ አዲስ አበባ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ኳስ የማይችል ልጅ ሁሉ ቀለሜ ይባል ነበር፤ ቃሉ በሰፈሩ እንዴት እንደሚነገር ከፊደል ገበታ አይገኝም።

የቅዳሜ ትምህርት ቤት መምህርት፦
ልጆቻችሁ ያንን የፊደል ገበታ እንዲያውቁ ዘጠኝ ዓመት በነጻ አገልግያለሁ። በዚህ ንግግር ከቀጠላችሁ ውይይቱን የምትመሩበትን ሰው ከሌላ ቦታ ፈልጉ።

ወጣት አባል፦
እኔ እዚሁ ሜሪላንድ የተወለድኩ ስለሆነ አማርኛዬ ቢጎድል ይቅርታ፤ ነገር ግን የተቀመጣችሁት ስለእኛ ለመነጋገር ነበር። ከፍሪኮቹ አንዱን፣ ኒክን፣ ዱርዬ ብላችሁ ስትጠሩት አባቱ ያደረገውን ታስታውሳላችሁ ወይ? 29 ዕቃ ያለውን የድራም ስብስብ፣ ልጁ በዓለም ላይ ከሁሉ የሚወደውን ነገር፣ አባቱ ሸጠበት። ልጁ ከቤቱ ወጥቶ የሚጠጋው የሊንዚ አባት ቤት ነው፤ ያም አባት በማዕድ ላይ የማስፈራራት ልማድ ያለው፣ ያጠፋ ሰው ሁሉ መጨረሻው ሞት እንደሆነ የሚናገር ሰው ነው። እሱን ሳይ አባቴን ነው የማየው፤ ያንን ክፍል አባቴ እንዲያየው እፈልጋለሁ። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ ሌላው ፍሪክ ዳንኤል ከጊኮቹ ጋር ተቀምጦ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን የምናብ ጨዋታ ይጫወታል። ድራማው ራሱ ሁለቱን ስሞች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቀላቅሏቸዋልና በስሞቹ ላይ መጣላታችሁ አይገባኝም።

ዕቅድ አቅራቢው፦
ልጁ ያለው እውነት ነው። ርእሱ በፊደላችን «ፍሪክስ ኤንድ ጊክስ» ተብሎ ይቅር።

የወላጆች ተወካይ፦
እንግሊዝኛውን በግእዝ ፊደል መጻፍ ትርጉም አይደለም። ከኮሚቴው ግማሹ ቃሉን አንብቦ ምንም አይረዳም። «አፈንጋጮች» ቢባል ምን ይለዋል?

ጸሐፊ፦
አፈንጋጭ ከፓርቲ የወጣ ሰው ነው የሚመስለው። በዚህ ማኅበር ውስጥ ያ ቃል ሲነሣ ምን እንደሚከተል የ2018ቱን ስብሰባ የተካፈለ ሁሉ ያውቃል።

ገንዘብ ያዥ፦
ስለ ርእሱ የምለው የለኝም፤ ነገር ግን ሳይጸድቅ ለታተመ ማስታወቂያ ማኅበሩ አይከፍልም።

ጸሐፊ፦
እንግዲያው 150ውን ቅጂ እቀዳድዳለሁ፤ ወጪውም ከኪሴ ይሁን። ከዛሬ ጀምሮ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሌላ ሰው ፈልጉ።

የቅዳሜ ትምህርት ቤት መምህርት፦
ወንድሜ፣ ትናንት ማታ የጻፍኩት ከልክ ያለፈ ነበር። ቀለሜ ስለሚለው ቃል አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ግን የሰፈሩን አነጋገር በማንሣትዎ አልተሳሳቱም። እንዲያውም ከዚህ ክርክር አንድ ነገር ታየኝ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚጠሩባቸውን ስሞች እኛ ወላጆች በአማርኛ ልንላቸው ካልቻልን፣ ልጁ «እንዲህ ተባልኩ» ብሎ ቢመጣ በምን ቃል እናጽናናዋለን? በመጀመሪያው ምሽት እያንዳንዱ ወላጅ በተማሪነቱ የሚጠራበትን ወይም ሌላውን ይጠራበት የነበረውን ስም ጽፎ ቢያመጣ ልጆቹም ይሰሙታል።

የወላጆች ተወካይ፦
ይህን እደግፋለሁ። የኮሚቴው አባላት ስሞቹን እንዲሰበስቡ አደርጋለሁ። የመጨረሻው ክፍል ግን ይቅር፤ ሊንዚ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለጎበዝ ተማሪዎች ወዳዘጋጀው ጉባኤ እሄዳለሁ ብላ ወላጆቿን ተሰናብታ፣ የግሬትፉል ዴድን ባንድ ተከትላ የምትሄድበትን ልጆቼን አስቀምጬ አላሳይም።

ወጣት አባል፦
እሱን ካወጣችሁት የቀረው እናንተን የሚያስደስተው ብቻ ነው።

ሰብሳቢ፦
እስካሁን የተስማማንበትን ልጻፍ። ከስድስት ምሽት ወደ አንድ ምሽት ወርዷል፤ ከ18 ክፍል ሁለቱ ይታያሉ። የቀረው ሰዓት የስሞቹን ዝርዝር ለማንበብ ይሆናል። አዳራሹ የሚይዘው 40 ሰው ስለሆነና ወላጆች ብቻ 34 ስለተመዘገቡ፣ ወጣቶቹ ለሌላ ጊዜ እንዲዘዋወሩ የሚል ሐሳብ ከኮሚቴው ቀርቧል። ርእሱ ክፍት ነው። ፕሮጀክተሩን አመጣለሁ ያሉት አባል ከሰኞ ጀምሮ ስልክ አያነሡም።

ዕቅድ አቅራቢው፦
ወጣቶቹ ከሌሉ ዕቅዱ የእኔ አይደለም። ልጅ የሌለበት አዳራሽ ውስጥ ስለልጆች ስም ማንበብ ባለፈው ዓመት ከሆነው የሚለየው ወንበሩን መቀያየሩ ብቻ ነው። ቢያንስ ስድስቱ ትርፍ ወንበሮች ለወጣቶቹ ይሰጡ፤ ከሁለቱ ክፍሎችም አንዱ የቢል ይሁን። ፕሮጀክተር እኔ እከራያለሁ።

ወጣት አባል፦
ስድስት ወንበር ካለ አምስት ጓደኞች ይዤ እመጣለሁ። አባቴ ተመዝግቦ ከሆነ ከእሱ አጠገብ አስቀምጡኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
የፈቃዱ ክፍያ ስንት እንደሆነ ነገ በስልክ እጠይቃለሁ። ቀብዱን ዓርብ ጠዋት የሚወስድ ሰው እስከ ሐሙስ ማታ ስሙን ይጻፍ።